ማረጋገጫን ለማያውቁን አንባቢ ማቅረብ፦ የምርምር ሥራን ለሎጂክና ኮምፒውተር ሳይንስ ጉባኤ ስለመላክ



የዛሬው ንግግሬ በሎጂክና በኮምፒውተር ሳይንስ ድንበር ላይ የተሠራ ምርምር ለዓለም አቀፍ ጉባኤ ስለሚቀርብበት መንገድ ነው። ጉዳዩ ቅጽ ከመሙላት የማያልፍ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን ከዚያ የከበደ ነው። አንድን ማረጋገጫ ለማያውቀን ሰው አሳልፎ መስጠት «ስሕተቴን ፈልግ» ብሎ መጋበዝ ነውና።

በብዙ የሳይንስ ዘርፎች ጉባኤ በሂደት ላይ ያለ ሥራ የሚነገርበት መድረክ ሲሆን፣ ዋናው ኅትመት የሚወጣው በመጽሔት ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ግን የጉባኤ ጽሑፍ በሙሉ ተገምግሞ በጥራዝ ይታተማል። በዘርፉ ስመ ጥር የሆነውና «ሊክስ» በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ጉባኤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በኬምብሪጅ ከተማ ነው። በ1989 ዩጄንዮ ሞጂ በዚሁ ጉባኤ፣ ሞናድ የተባለው የሒሳብ ጽንሰ ሐሳብ የፕሮግራሞችን ባሕርይ ለመግለጽ እንደሚያገለግል አሳየ። ሰፋ ያለው ጽሑፉ በመጽሔት የወጣው በ1991 ነበር፤ ሐሳቡም በኋላ ሀስኬል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ዋና መሣሪያ ሆነ። በ1990 ደግሞ በርችና ባልደረቦቹ፣ ከ1 ቀጥሎ 20 ዜሮዎች ያሉት ቁጥር ያህል ሁኔታዎች ያሏቸውን ሥርዓቶች መፈተሽ የሚያስችል ዘዴ አቀረቡ።

የአቀራረቡ ሥርዓት በአጭሩ የሚከተለው ነው። አስቀድሞ አኅጽሮተ ጥናቱ ይላካል፤ የፕሮግራም ኮሚቴው ጽሑፉን ለገምጋሚዎች የሚያከፋፍለው ይህን ተመልክቶ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙሉው ጽሑፍ ይከተላል። የገጽ ብዛቱ የተወሰነ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የሊክስ ጥሪዎች ማጣቀሻን ሳይጨምር በሁለት ዓምድ የተጻፈ 12 ገጽ ነበር። አንድን ሥራ በአንድ ጊዜ ለሁለት መድረክ መላክ ክልክል ነው። የደራሲ ስም እንዲደበቅ የሚጠይቁ ጉባኤዎች ስላሉ የየዓመቱን ጥሪ ቃል በቃል አንብቡ። ግምገማው ሲደርሳችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ አጭር ምላሽ የመስጠት ዕድል ይኖራችሁ ይሆናል፤ በመጽሔት እንደሚደረገው ለወራት የሚዘልቅ የእርማት ምልልስ ግን አትጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ገምጋሚው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በርካታ ጽሑፎችን ማንበብ አለበት። ረጅሙን ማረጋገጫ በአባሪ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ አባሪውን ማንበብ ግን የገምጋሚው ፈቃድ እንጂ ግዴታው አይደለም። ስለዚህ የማረጋገጫው ቁልፍ እርምጃ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ደካማ የሆነውን እርምጃ በአባሪ መሸሸግም የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ታሪክ ተነሥቼ ነው። የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ስለ ውሱን ሞዴሎች አንድ ቲዎረም አረጋግጫለሁ ብዬ ነበር። ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዱን ረዳት ቲዎረም ደግሜ ስመረምር ኮምፓክትነስ በተባለው ቲዎረም ላይ መደገፌን አስተዋልሁ። ይህ ቲዎረም፣ የአንድ ዓረፍተ ነገር ስብስብ እያንዳንዱ ውሱን ክፍል ሞዴል ካለው፣ ስብስቡ በሙሉ ሞዴል አለው ይላል። ውሱን በሆኑ ሞዴሎች ብቻ ስንወሰን ግን አይሠራም። «ቢያንስ አንድ አባል አለ»፣ «ቢያንስ ሁለት አባላት አሉ»፣ «ቢያንስ ሦስት አባላት አሉ» እያለ ማብቂያ የሌለውን ዝርዝር አስቡ። ማንኛውም ውሱን ክፍሉ ውሱን ሞዴል አለው፤ ዝርዝሩን በሙሉ የሚያሟላ ውሱን ሞዴል ግን የለም።

ስሕተቱ በአባሪው ውስጥ ነበር፤ ምናልባት ማንም አያየውም ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ፤ በነጋታውም ጽሑፉን ሳልልክ ቀረሁ። በዓመቱ ያቀረብሁት ቲዎረም ከመጀመሪያው የጠበበ ነበር፤ ነገር ግን እውነት ነበር። ዛሬም ሰዎች በላዩ ላይ ሲሠሩ እፎይ የምለው በዚያ ሌሊት ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ምን እንዳረጋገጣችሁና ከቀደመው ሥራ በምን እንደሚለይ በግልጽ ተናገሩ። ቅድመ ግምታችሁን ሁሉ፣ «ውሱን» የምትለዋን አንዲት ቃል እንኳ ሳትዘነጉ፣ በቲዎረሙ ውስጥ ጻፉ። ከመላካችሁ በፊትም ሥራውን ያልሠራ አንድ ባልደረባ ማረጋገጫውን በሰሌዳ ላይ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ፤ እርሱ የሚቆምበት ቦታ ገምጋሚውም የሚቆምበት ነው።

ጽሑፋችሁ ቢመለስ ተስፋ አትቁረጡ፤ አስተያየቱን አንብባችሁ አሻሽሉት። ቢሳካላችሁ ደግሞ የምዝገባ ክፍያና ቪዛ እንደሚጠብቃችሁ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ለተማሪዎች ድጋፍ መኖሩንም ጠይቁ። በሊክስ በሎጂክ ሊቁ በስቲቨን ክሊኒ ስም የተሰየመ የተማሪዎች ሽልማት መኖሩ፣ በሩ ለጀማሪም ክፍት መሆኑን ይመሰክራል።