ለመንገድ የተተወ ገንዘብ እንዴት የልጆች ሆነ

ኤጅዌር ሮድን የማያውቅ የለንደን ሐበሻ አለ ለማለት ይከብዳል። ከማርብል አርች ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለዚህ መንገድና ለጎረቤቱ ሃሮው ሮድ አንድ ገበሬ የተወላቸው ሀብት አለ። ገበሬው ጆን ላየን ይባላል፤ በሃሮው አጠገብ ፕሬስተን በምትባል መንደር የሚኖር፣ የራሱ መሬት ያለው ባላገር ነበር። በ1572 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ትምህርት ቤት የማቋቋም ፈቃድ አገኘ። ዛሬ የሀብታም ልጆች የሚማሩበት ስመ ጥሩ ሃሮው ትምህርት ቤት ያ ነው። ከዚህ ሌላ የአንድ እርሻ መሬቱ ገቢ ከለንደን ወደ ሃሮው ለሚወስዱት ሁለት መንገዶች ማደሻ እንዲሆን ወሰነ። መንገዱ ጭቃ ነበርና ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም።

እርሻው ግን እርሻ ሆኖ አልቀረም። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ዋጠው፤ ዛሬ ሜይዳ ቬልና ሴንት ጆንስ ዉድ በሚባሉት ውድ ሰፈሮች ውስጥ ገባ። ገቢው አደገ፣ መንገዱን የመጠገን ሥራ ደግሞ የካውንስል ሆነ። ገንዘቡ ለብዙ ዘመን ወደ አስፋልት ሲፈስ ኖሮ በ1991 ሕጋዊ ለውጥ ተደረገበት። መንገዶቹ በሚያልፉባቸው አካባቢዎች ለሚኖሩ ሰዎች ጥቅም እንዲውል ተፈቀደ፤ ባለአደራዎቹም ልጆችንና እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶችን መረጡ። የጆን ላየን በጎ አድራጎት ድርጅት እንዲህ ተወለደ። የሚሰጠው በዘጠኝ አካባቢዎች ብቻ ነው፦ ባርኔት፣ ብሬንት፣ ካምደን፣ ኢሊንግ፣ ሃመርስሚዝና ፉልሃም፣ ሃሮው፣ ኬንሲንግተንና ቼልሲ፣ ዌስትሚንስተር እና ሲቲ ኦፍ ለንደን።

በቦታ የታሰረ ድጋፍ የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛው ገንዘብ ሰጪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሥራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ነው፤ በቦታ የታሰረው ግን «የት ነው የምትሠሩት?» ይላል። ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። እድርም በሰፈር የታሰረ ነው፤ ዕቃው፣ ድንኳኑና ገንዘቡ የሰፈሩ ነው። ኤች አይ ቪ ብዙ ልጆችን ወላጅ አልባ ባደረገበት ጊዜ ለቀብር ከተቋቋሙት እድሮች ብዙዎቹ ልጆችን ወደ መርዳት የዞሩት፣ የማን ቤት እንደተዘጋ ሳይነገራቸው ስለሚያውቁ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ማወቁ ላይ። ለመላው አገር የሚሰጥ ትልቅ ድርጅት የሚያየው ወረቀት ነው። በወረቀት ደግሞ የሚያሸንፈው ማመልከቻ የሚጽፍ ባለሙያ የቀጠረው ነው። እንበልና ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ተከራይተው ለሠላሳ ልጆች ሀ ሁ የሚያስቆጥሩ እናቶች አሉ። ማመልከቻውን የምትጽፈው አንዷ ከሥራ መልስ፣ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ነው። በአንድ አካባቢ ብቻ የሚሠራ ሰጪ ግን አዳራሹ ድረስ ሄዶ ማየት ይችላል፤ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ባለፈው ዓመት ምን እንደሆነ ያስታውሳል። ቢወድቁም ለምን እንደወደቁ ያውቃል።

ሁለተኛው ጥቅም ጊዜ ነው። ወጣቶችን የሚረዳ ሥራ በስድስት ወር ፕሮጀክት አይሆንም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ አስተማሪውን አምኖ አፉን እስኪከፍት ብቻ ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሆኖም ብዙ ሰጪዎች ለአዲስ ፕሮጀክት እንጂ ለኪራይ፣ ለመብራትና ለደመወዝ መክፈል አይወዱም። የኳስ ውድድሩ ገንዘብ ያገኛል፣ በሩን የሚከፍተው ሰው ግን ደመወዝ አያገኝም። ከቦታው የማይነሳ ሰጪ ለብዙ ዓመት ቃል መግባት ይቀለዋል። በእኔ እምነት የአንድ ሰጪ ደግነት የሚለካው በሚሰጠው መጠን ሳይሆን ኪራይ ይከፍላል ወይ በሚለው ነው።

ይህ ሁሉ አሁን የበለጠ የሚያሳስበው በምክንያት ነው። የእንግሊዝ ካውንስሎች ለወጣቶች አገልግሎት የሚያወጡት ገንዘብ ከ2010 ወዲህ፣ የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። የወጣት ማእከላት ተዘጉ። የቀረውን ክፍተት የያዙት ባብዛኛው ትንንሾቹ ማኅበራት ናቸው።

ውሳኔውን ለነዋሪው እስከ መተው የሄዱ ሰጪዎችም አሉ። በእንግሊዝ ከሎተሪ በተገኘ ገንዘብ የተጀመረው ቢግ ሎካል 150 ሰፈሮችን መርጦ ለእያንዳንዳቸው ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መደበ። ጊዜውም ከአሥር ዓመት በላይ ነበር፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ስብሰባው አሰልቺ፣ ጭቅጭቁ ብዙ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ እድር ውስጥ የተቀመጠ ያውቀዋል።

የሟች ቃል ጉዳይም አለ። ጆን ላየን መንገድ አለ፤ ከ400 ዓመት በኋላ መንገዱ ገንዘቡን አልፈለገውም። ሟች ከመቃብር ሆኖ ገንዘቡን ጨብጦ እንዳይቀር መላ ያበጀው አሜሪካዊው የባንክ ሰው ፍሬድሪክ ጎፍ ነው። በ1914 ክሊቭላንድ ከተማ ላይ የመጀመሪያውን የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን አቋቋመ። የብዙ ሰዎች ኑዛዜ በአንድ ቋት ይገባል፤ ዓላማው ጊዜ ሲያልፍበት የከተማው ሰዎች የተቀመጡበት ኮሚቴ ይለውጠዋል፤ ከተማው ግን አይለወጥም።

እንከኑስ? ድንበር ነው። በኪንግስ ክሮስ ዮርክ ዌይ ካምደንን ከኢዝሊንግተን ይለያል። አስፋልቱን የተሻገረ ልጅ ለጆን ላየን ገንዘብ ባዕድ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ካሌዶኒያን ሮድም ከወዲያ ማዶ ነው። ኢዝሊንግተን ከ2010 ጀምሮ ኢዝሊንግተን ጊቪንግ የሚባል የራሱ መሰብሰቢያ ስላለው ልጁ ባዶ እጁን አይቀርም። ጥንት ማንም ባለመሬት ያልተናዘዘለት ከተማ ልጅ ግን ይቀራል። በቦታ የታሰረ ገንዘብ ሀብት ቀድሞ ወደነበረበት ያደላል፤ ሜይዳ ቬል መሬት ላይ የተተከለ ሀብት የሚያፈራው ለለንደን ነው። ስለዚህ የመንግሥትን በጀት ሊተካ አይችልም፤ ይተካል የሚል ፖለቲከኛ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

በለንደን የቅዳሜ ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ማኅበር ለምታስተባብሩ አንድ ቃል አለኝ። ከመደበኛው ትምህርት ውጭ የእናት ቋንቋ የሚያስተምሩ ቤቶች እንዲህ ያሉ ሰጪዎች ከሚያውቋቸው መካከል ናቸው፤ «ለእኛ አይሆንም» ብላችሁ አትቅሩ። መጀመሪያ አዳራሻችሁ በየትኛው ካውንስል ውስጥ እንዳለ፣ ልጆቹም ከየት እንደሚመጡ ጻፉ፤ ከሁሉ በፊት የምትጠየቁት እሱን ነው። ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች የሚፈርሙበት የባንክ ሒሳብ፣ የልጆች ደኅንነት ፖሊሲና የዓመቱን ገቢና ወጪ አዘጋጁ። ዓመታዊ ገቢያችሁ ከ5,000 ፓውንድ ካለፈ በእንግሊዝና በዌልስ በበጎ አድራጎት ኮሚሽን መመዝገብ ግድ ነው። ከዘጠኙ አካባቢዎች በብዙዎቹ ደግሞ ትንንሽ ማኅበራትን በአባልነት የሚያሰባስብ የወጣቶች ፋውንዴሽን አለ፤ ማመልከቻውን ከመጻፋችሁ በፊት እዚያ ሄዳችሁ አማክሩ።