ርኅራኄን በክፍል ውስጥ ስለ ማስተማር



ሕፃን ልጅ ፊደልን አይቶ፣ ርኅራኄን ግን ሠርቶ ይማራል። «ጓደኛህን ውደድ» የሚለው ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጅ የሚለምደው የሰማውን ሳይሆን ደጋግሞ የሠራውን ነው።

የእንጦጦን ኮረብታ ተመልከቱ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ዛሬ የመዝናኛ ሥፍራ ነው። በዚያው ዳገት ግን ብዙ እናቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ እየወረዱ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። እንግዲህ የእንጨት ተሸካሚዋ ልጅና የመንግሥት ሠራተኛው ልጅ በአንድ ወንበር ቢቀመጡ፣ አንደኛውም በሌላው ልብስ ቢስቅ፣ መምህሩ ምን ያድርግ? የሳቀውን በክፍሉ ፊት ቢያዋርደው፣ ማዋረድን አስተማረው እንጂ ርኅራኄን አላስተማረውም። ይልቁንስ ለሁለቱ አንድ ሥራ ይስጣቸው፤ አንዱን ሥዕል በአንድነት ይሣሉ፤ ያወቀው ላላወቀው ያስረዳ። አብሮ የሠራ ልጅ ባልንጀራውን በልብሱ መመዘን ይተዋል።

ይህ ዘዴ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ገና ሀሁ ለጀመረው ታናሹ ያስቆጥራል። ዛሬም በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናት በአንድነት ይመገባሉ፤ በዚያ ሰዓት ታላቁ ታናሹን እጅ ቢያስታጥብ፣ ይህም እንደ ሒሳቡ ሁሉ ትምህርት ነው።

እናንተም ማታ ከመሥሪያ ቤት ስትመለሱ ልጃችሁን «ስንት አገኘህ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ማንን ረዳህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጅ ወላጁ ዘወትር የሚጠይቀውን ነገር ትልቅ ነገር ነው ብሎ ይይዛልና።