ጥቁር ብናኝ ያለበት እህልና ቀለም የተቀባ ዘር

በክርያት ጋት ቤት ለቤት ስንዞር፣ በረንዳ ላይ ማሽላና ገብስ የሚያበጥሩ እናቶችን እናገኛለን። አንዲት እናት አንድ ፍሬ በጣታቸው ጨፍልቀው ጥቁር ብናኝ አሳዩንና፣ «ልጄ፣ ይህ አረማሞ ነው፤ ይጎዳናል?» ሲሉ ጠየቁን። መልሱ ለሁላችሁም ስለሚጠቅም እነሆ።

አረማሞ በሣርና በእህል ላይ ተጠግቶ የሚኖር ፈንገስ ነው። በማሽላ ላይ የተለመደው ዓይነት ከዘሩ ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ ዘሩ ሲበቅል ቡቃያው ውስጥ ገብቶ አብሮ ያድጋል፤ በመጨረሻም በፍሬው ቦታ ጥቁር ብናኝ ይሞላል። አገር ቤት ከመዝራታቸው በፊት ዘሩን በከብት ሽንት የሚያጥቡ ገበሬዎች ይህንኑ ለመከላከል ነው።

ከእህሉ ጋር ጥቂት ፍሬ ቢገኝ አትደንግጡ። የሜክሲኮ ሰዎች የበቆሎውን አረማሞ ለጋ ሳለ አብስለው ይበሉታል። ብናኙ ግን አስም ላለበት ሰው አይስማማም። ስለዚህ ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍናችሁ አበጥሩ። ብዙ ከሆነ ከነደረሰኙ ወደ ሱቁ መልሱት።

ጠንካራ፣ እንደ ቀንድ የጠቆረና ከፍሬው የረዘመ ነገር ካያችሁ ግን አረማሞ አይደለም፤ መርዛማ የሆነ ሌላ ፈንገስ ነው። በ1977 እና 1978 እ.ኤ.አ. በወሎ ከሲናር ጋር ተቀላቅሎ ተበልቶ የብዙ ሰው እጅና እግር አበስብሷል፤ ሰውም ገድሏል። እንዲህ ያለውን እህል አትፍጩ።

ከሁሉ የሚያሰጋን ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ዘር ነው። ቀለሙ የፈንገስ መድኃኒት እንዳለበት ማስጠንቀቂያ ነው። በ1971 እና 1972 እ.ኤ.አ. በኢራቅ፣ ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት የተቀባ የስንዴ ዘር ለምግብ ውሎ ከ6,500 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ 459 ሞቱ። አጥበውት ቀለሙ ለቅቆ ነበር፤ መርዙ ግን አልለቀቀም። ከእርሻ የተረፈ ዘር ለልጆችም ለዶሮም አትስጡ። የበላ ሰው ካለ ሳትዘገዩ 101 ደውሉ፤ ከረጢቱንም ያዙ።

በወፍጮ፣ በዳቦ ቤት ወይም በእህል መጋዘን የምትሠሩ ልጆቻችሁንም ጠይቁልን። በሥራ ቀን ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ኖሮ በዕረፍት ቀን የሚሻል ከሆነ፣ ምክንያቱ የሥራው አቧራ ሊሆን ይችላል። በእስራኤል ሕግ መሠረት መከላከያውን ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ቁፓት ሆሊም ሲሄዱ ለሐኪሙ የሚሠሩትን ሥራ ይንገሩ፤ ሳይነገረው ሐኪሙ ከየት ያውቃል?