ሎሬይን ሃንስበሪና ከመድረክ የቀረው የቤት ጉዳይ

የተወለድኩት ወገል ጤና ነው። ተማሪ ሳለሁ የአያቴን የርስት ሙግት በተውኔት ጽፌ ለእናቴ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ይኸማ የምስክር ቃል ነው፤ ጨዋታው የታለ?» አለችኝ። ከቤተሰብ ሕይወት ስለሚቀዳ ተውኔት ሳስተምር ጥያቄዋ ዘወትር ትዝ ይለኛል። በሚገባ የመለሰችው የምትመስለኝ አሜሪካዊቷ ፀሐፌ ተውኔት ሎሬይን ሃንስበሪ (1930–1965) ናት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተሰቡ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። አጎቷ ዊሊያም ሊዮ ሃንስበሪ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊት አፍሪካን ታሪክ ያስተማሩ፣ ኢትዮጵያንም ያጠኑ ምሁር ሲሆኑ፣ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብለዋል።

አባቷ ካርል ቤት የሚያከራዩ ባለሀብት ነበሩ። በ1937 ለጥቁሮች እንዳይሸጥ በውል በታገደ የቺካጎ ሰፈር ቤት ገዙ። ነጮች ቤቱን ከበቡ፤ ከውጭ የተወረወረ ጡብ ሕፃኗን ሎሬይንን ለጥቂት ሳታት። እናቷ ሌሊት ሽጉጥ ይዘው ልጆቻቸውን ይጠብቁ ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 አባት ረቱ።

በ1959 በኒውዮርኩ ብሮድዌይ የታየው «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጥቁር ሴት ጽፋው ለዚያ መድረክ የበቃ የመጀመሪያው ተውኔትም ነው። ሆኖም ደራሲዋ ባለሀብቱን ቤተሰብ እንዳለ አላመጣችውም። የተውኔቱ ያንገሮች ድሆች ናቸው፤ በጠባብ የኪራይ ቤት ታጭቀው፣ ሽንት ቤት ከጎረቤት ተጋርተው ይኖራሉ። አባት ሞተዋል፤ የሚያጨቃጭቃቸው የሟች የሕይወት ዋስትና 10,000 ዶላር ነው። ፍርድ ቤት የለም፤ ጡብም የለም። መጋረጃው የሚዘጋው ዕቃ ተጭኖ ቤተሰቡ ወደ ነጮቹ ሰፈር ሲነሣ ነው። እንግዲህ ሃንስበሪ በዓይኗ ያየችው ሁሉ የሚጀምረው ተውኔቱ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው። ሙግቱን አውጥታ፣ የአባት ገንዘብ ለወንዱ ልጅ የመጠጥ መደብር፣ ለሴቷ የሕክምና ትምህርት ወይስ ለቤት ይዋል የሚለውን ጭቅጭቅ አስቀረችልን። የእናቴ «ጨዋታ» ይኸው ነው።

ሌላም ያላወጣችው ነገር አለ። ሃንስበሪ ሴቶችን የምታፈቅር፣ ሌዝቢያን ነበረች። በ1953 ሮበርት ኔሚሮፍን አግብታ በ1957 ተለያዩ። በዚያው ዓመት «ዘ ላደር» ለተባለው የሌዝቢያኖች መጽሔት በስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ እየፈረመች በላከቻቸው ደብዳቤዎች፣ እንደ እሷ ያሉ ሴቶችን ወደ ትዳር የሚገፋውን ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጫና አንሥታለች። ይህ ፍቅር በተውኔቱ ውስጥ የለም። ግን ቤኒታን ልብ ብለን እንያት። ደራሲዋ የቀድሞ ራሷ መሆኗን የተናገረችላት ይህች የ20 ዓመት ተማሪ ሀብታሙን ጆርጅን ትገፋዋለች፤ ለሴት ፍቅር ይበቃታል ባዩን ናይጄሪያዊ አሳጋይንም አይበቃትም ብላ ትሞግተዋለች። ላግባሽ ሲላትም ቁርጡን ሳንሰማ ተውኔቱ ያልቃል። ቤኒታ ሌዝቢያን ናት ማለቴ አይደለም፤ ተውኔቱ ለዚያ ማስረጃ አይሰጠንም። በደብዳቤዎቹ የተነሣው የትዳር ጥያቄ ግን በእሷ አፍ ይሰማኛል።

እኔም የአያቴን ተውኔት እንደገና ይዤዋለሁ። ዳኛውንና ምስክሮቹን አስወጥቼ፣ ሴት አያቴ ለሙግት የሚሄደውን ባሏን ስንቅ በምትቋጥርበት ሌሊት ጀምሬዋለሁ።