"ነፃ ነው" የሚባለው አውሮፓ

"ኖርዌይ እኮ ትምህርት በነፃ ነው" የሚል ወላጅ ዛሬም በሰፈራችን አይጠፋም። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ወሬው ቆይቶባቸው ነው። በደህናው ዘመን እዚያ ተምረው የተመለሱት የነገሩን እውነት ነበር። ሆኖም ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ በ2023 ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻቸው እንዲከፍሉ ወሰኑ። "በእኛ ግብር ለምን?" ነው ነገሩ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ እኛ ብንሆንስ ምን እንል ነበር?

የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ የመቀበያ ደብዳቤ ሲደርሳት ቤቱ በእልልታ ቀለጠ፤ አያቷ ድፎ ዳቦ ደፉ። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ተቀብለናታል ይላል እንጂ ስለ ስኮላርሺፕ አንድም ቃል የለበትም። "ታዲያ ምን ልዩነት አለው?" አለኝ ወንድሜ። ልዩነቱ ኮንዶሚኒየምህ ነው አልኩት።

ሸክማችንን የሚያከብደው የእነሱ ጭማሪ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እንግዲህ አስሉት። በዓመት 10,000 ዶላር የሚጠይቅ ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲው አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር፣ ከ570,000 ብር ተነስቶ ሚሊዮን ተሻገረ። ለሁለት ዓመት ብሎ ያጠራቀመ አባት አንዱን ዓመት ቢያስተምርበት ነው።

ጀርመን ይሻላል ለሚሉኝ፣ አዎ፣ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሁንም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ግን የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 መኸር ለአዲስ ገቢዎች በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል። በዚያ ላይ ለቪዛ በዝግ ሒሳብ 11,904 ዩሮ አስቀምጡ ይባላል። ገንዘቡ የልጁ ነው፤ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀለት ይኖርበታል። ችግሩ አስቀድሞ በአንድ ጊዜ መገኘቱ ላይ ነው።

ቤት ከመሸጣችሁ ወይም የዕቁብ ዕጣ ከመለመናችሁ በፊት ልጁ ለዩኒቨርሲቲው በኢሜይል ሁለት ጥያቄ ይጻፍ። የሁለተኛው ዓመት ክፍያ እንደ መጀመሪያው ይቆያል ወይ? ቪዛ ቢከለከል የከፈልነው ይመለሳል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ያዙት፤ ደላላው "ችግር የለም" ቢላችሁም።