ከየክልሉ መጥተው አንድ ስክሪን ፊት

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ያደገ ልጅ ከሌላ ብሔርና ከሌላ እምነት ልጅ ጋር አብሮ መቀመጥን ከሰፈሩ ይማረዋል። አጠና ተራም ሆነ አየር ጤና ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ አማራው ጎረቤት ነው። ከመቐለ፣ ከጎንደር ወይም ከወለጋ የመጣ እኩያውን ፊት ለፊት የሚያገኘው ግን ስንቱ ነው? ብዙው ስለ እነዚህ ልጆች የሚሰማው ከዜና፣ ሲብስም ከፌስቡክ ስድብ ነው። አዲስኮደርን ማስተዋወቅ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

አዲስኮደር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክረምት የሚሰጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ነው። በ2003 ዓ.ም. የጀመረው ጄላኒ ኔልሰን እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ በሚገኘው ኤምአይቲ ዶክትሬቱን ጨረሰ፤ ዛሬ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። ተማሪዎቹ ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች አዲስ አበባ ይሰበሰቡና አራት ሳምንት በነፃ ይማራሉ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይጀምራሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ አልጎሪዝም ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ካለፉት ከ500 በላይ ወጣቶች መካከል ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲና ስታንፎርድ የገቡ አሉ። ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ ጃማይካም ደርሷል፤ እዚያ ጃምኮደርስ ይባላል።

አልጎሪዝም ሁለት ልጆችን እንዴት እንደሚያገናኝ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ የኮልፌ ልጅ፣ ሌላው ጎንደር ያደገ፣ ከአየር ጤና 18 ማዞሪያ ለመድረስ አጭሩን መንገድ የሚፈልግ ፕሮግራም አብረው ይጻፉ እንበል። እያንዳንዱ የታክሲ ፌርማታ ነጥብ ይሆናል፤ በሁለት ፌርማታዎች መካከል ያለው መንገድ መስመር፣ የሚወስደው ደቂቃ ደግሞ በመስመሩ ላይ የሚጻፍ ቁጥር። የኮልፌው ልጅ ጦር ኃይሎች አካባቢ መንገዱ ጠዋት እንዴት እንደሚዘጋጋ ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም፤ ጓደኛውም አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን ሁሉ አውጥቶ በቁጥር ማስቀመጥ ግድ ይለዋል። ከዚያ ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመውን ዘዴ ይሞክራሉ፦ ከመነሻው ተነስቶ፣ ገና ካልተጎበኙት ፌርማታዎች በትንሹ ደቂቃ የሚደረስበትን መምረጥ፣ በእሱ በኩል ወደ ጎረቤቶቹ የተሻለ መንገድ ከተገኘ የቀድሞውን ቁጥር ማረም፣ መድረሻው እስኪመረጥ ይህንኑ መደጋገም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማረሙን ነው። መጀመሪያ የተገኘው መንገድ ጸንቶ ይቀርና ፕሮግራሙ ረጅሙን መንገድ አጭር ነው ብሎ ያወጣል። ከተማውን የሚያውቀው ልጅ መልሱን ሲያይ “ይሄ ልክ አይደለም” ይላል፤ ከተማውን የማያውቀው ኮዱን መስመር በመስመር እየተከተለ የጎደለውን ያገኛል። አንዱ ያለ ሌላው አይጨርስም። ደግሞም ኮዱ ሲበላሽ የማን ብሔር እንዳበላሸው የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው ስንተኛው መስመር ላይ ነው የሚለው ብቻ ነው። ለወጣት ይህ ትልቅ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን አብሮ የመሥራት ጥቅም ሆነ ብሎ ዓላማው ያደረገ ድርጅት ኢየሩሳሌም ውስጥ አለ። ሚት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከኤምአይቲ ጋር ተባብሮ ተቋቋመ። እስራኤላውያንና ፍልስጤማውያን ወጣቶችን በእኩል ቁጥር ተቀብሎ ለሦስት ዓመት ያስተምራል። በክረምት ከኤምአይቲ የሚመጡ አስተማሪዎች ኮምፒውተር ሳይንስና ሥራ ፈጠራ ያስተምሯቸዋል፤ በቀሪው ዓመትም ይገናኛሉ። የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለዕብራይስጥ ተናጋሪውም ለዓረብኛ ተናጋሪውም እኩል የትምህርት ቋንቋ ነው። ድርጅቱ የሁለቱን ወገኖች ጦርነት አላስቀረም፤ ያስቀራል ብሎ መጠበቅም በልጆች ትከሻ ላይ የመሪዎችን ሸክም መጫን ነው። ግን እዚያ የተማረ ወጣት ስለ ሌላው ወገን ሲወራ ቢያንስ የአንድ ሰው ፊት ትዝ ይለዋል።

ከሚት እንድንወስድ የምመኘው ሦስት ዓመቱን ነው። አራት ሳምንት ለአልጎሪዝም መግቢያ ይበቃል፤ አብሮ ድርጅት ለመመሥረት ለሚያበቃ መተማመን ግን አይበቃም። ሥራ ፈጠራ ገንዘብን፣ ድርሻን፣ ኪሳራን ከሌላ ሰው ጋር መካፈል ነውና ጊዜ ይፈልጋል። እንደ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው አይስአዲስና ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የመሠረቱት ብሉሙን ያሉ የሥራ ፈጠራ ማዕከላት ሐሳብ ላላቸው ወጣቶች በር ከፍተዋል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ገና እዚያ አልደረሰም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ስልክና ኢንተርኔት ላለው ሁሉ በነፃ ያስተምራል። እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ሰርተፍኬቱን የሚያገኘው ብቻውን ተቀምጦ ነው።

የትግራይን ጦርነት ለማስቆም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ እንኳ በአገራችን የጥይት ድምፅ አልቆመም። ስለዚህ ከመቐለ፣ ከባሕር ዳርና ከነቀምት የሚመጡ ተማሪዎችን ለሦስት ተከታታይ ክረምቶች የሚቀበል ክፍለ ከተማ ቢኖር እላለሁ። ኮልፌ ቀራኒዮ ቢጀምረው ደስ ይለኛል፦ በክረምት የሚዘጋ አንድ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል፣ ለሁለት ልጆች አንድ ማሽን፣ ማደሪያ የሚሆን ቦታ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ እና ከዚህ ቀደም በአዲስኮደር ካለፉት መካከል ለማስተማር ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ወጣቶች።