ከወደቡ ዳር የቆጠርናቸው ሰዎች

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ስወጣ፣ አንድ ቀን ሰርጓጅ መርከብ ለማየት ወደብ ዳር እቆማለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ያስጀመረኝ የልጅ ልጄ ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ልጄን ልጠይቅ ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ከተማ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ከእኔ ጋር የሚያወራው ግን አልነበረውም። ያመጣሁለትን ቆሎ ይቆረጥምና ወደ ስልኩ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ግን፣ «እማማ፣ ሰብማሪን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ዓይኑ በራ።

ሃሊፋክስ የካናዳ ባሕር ኃይል በምሥራቅ በኩል ያለው ዋና መቀመጫ ናት። ወደ ባሕር ኃይሉ ወደብ የሚገቡ መርከቦች ከተማዋ ፊት ለፊት ያልፋሉ። ውሃው ዳር በእንጨት የተነጠፈ ረጅም የእግር መንገድ አለ። በየጠዋቱ እዚያ ሄደን እንቀመጥ ጀመር፤ እሱ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ።

«መጀመሪያ ጎታች ጀልባዎቹን ፈልጊ» ይለኛል። «ከዚያ ግንድ መስሎ የተኛ ጥቁር ነገር ታያለሽ። አብዛኛው አካሏ ውሃ ውስጥ ነው። ከጀርባዋ እንደ ግንብ የቆመ ነገር አለ። በመጨረሻ ባንዲራውን እይ።» የካናዳ የራሷ ሰርጓጆች አራት ናቸው፤ ከእንግሊዝ ያገለገሉ የተገዙ፣ ርዝመታቸውም 70 ሜትር ያህል ነው። ለጉብኝት የሚመጡት የአሜሪካ ሰርጓጆች ግን ከ100 ሜትር ይበልጣሉ።

ሦስት ቀን ከዳርትማውዝ ጀልባና ከወፍ በቀር ምንም አላየንም። በአራተኛው ቀን አንዲት ጥቁር፣ የአሜሪካ ባንዲራ የሰቀለች ሰርጓጅ ድምፅ ሳታሰማ መጣች። ልጁ እየዘለለ፣ «ሳድግ ባሕር ኃይል እገባለሁ!» አለ።

እኔ በሥራ ዘመኔ ከጦር ሜዳ የመጡ ልጆችን ቁስል አጥቤያለሁ። ሳላስበው፣ «ዝም በል! ሁለተኛ እንዳትናገር!» ብዬ ጮህኩበት። እቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስምንት ቀን የገነባሁትን በአንድ አፍ አፈረስኩት።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅሁትና የተቆጣሁበትን ምክንያት ለዕድሜው በሚመጥን ቃል ነገርኩት። ስለ ቺኩቲሚም አወራን። ቺኩቲሚ ከአራቱ የካናዳ ሰርጓጆች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከስኮትላንድ ወደ ሃሊፋክስ ስትመጣ፣ የባሕር ውሃ ገብቶ የኤሌክትሪክ ገመዶችን ነካና እሳት ተነሣ። ጭስ የጎዳው አንድ ወጣት መኮንን ሞተ፤ የልጆች አባት ነበር።

ልጁ የመርከቧን ስም ያውቅ ነበር፤ የሰውየውን ነገር ግን አልሰማም። «እሳቱ ሳይነካው እንዴት ሞተ?» አለኝ። በተዘጋ ቦታ ከእሳት ቀድሞ የሚገድለው ጭስ እንደሆነ፣ እኛም አገር በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ስንቱን ቤተሰብ እንዳሳዘነ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ልጆቹስ?» ሲል ጠየቀኝ።

ሰርጓጇ ስትወጣም ልናያት ሄድን። መነጽሩን ለረጅም ጊዜ ይዞ ቆየ። ስለ ርዝመቷ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እማማ፣ ላይ የቆሙት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ውስጥ ናቸው» አለኝ።

ውድ አያቶች፣ የልጅ ልጆቻችሁ የሚወዱት ነገር ባይገባችሁም አብራችሁ ተቀመጡ፤ እነሱ ያስተምሯችሁ። የሚያስፈራችሁን ነገር ሲናገሩ እንደ እኔ አትጩሁ፤ የምታውቁትን ንገሯቸው።

የልጅ ልጄ አሁንም ባሕር ኃይል መግባት ይፈልጋል። እኔ አሁንም አልፈልግም። ግን በየእሁዱ ይደውልልኛል፤ በአማርኛም እንከራከራለን።